በሸክላ የተተከለች ወይራ በመጸው ወራት

ቦንሳይ ከቻይና ተነሥቶ በጃፓን የዳበረ የአትክልት ጥበብ ነው። ቦንሳይ ማለት የተለየ የዛፍ ዘር ማለት አይደለም፤ ማንኛውም ዛፍ ሥሩና ቅርንጫፉ እየተገረዘ በትንሽ ሸክላ ሲያድግ ይኸው ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ በአርሲዋ ሮቤ ለሚኖር ጀማሪ የደጋችን ወይራ ትበቃዋለች። የደቡብ አፍሪካ አትክልተኞችም የአፍሪካን ወይራ በዚሁ ጥበብ ያሳድጓታል።

ከእኛ አንዱ ባንድ ክረምት እንዲህ ያለች ወይራ ተክሎ ነበር። ጥቅምት ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመለስ መልኳ እንዲያምር ገረዝናት፤ ከግቢው ዝቅተኛ ስፍራ አስቀመጥናት፤ ለታናሽ እኅታችንም «ውሃ አታብዥባት፣ አሁን የምትተኛበት ወራት ነው» ብለን አደራ ሰጠን። ለገና ስንመለስ አፈሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ አዲሱ ቀንበጥ በውርጭ ጠቁሮ አገኘነው። ልጅቷ የታዘዘችውን አንድም አላጓደለችም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ የሌላ አገር መጽሐፍ አንብበን የራሳችንን ሰማይ አላነበብንምና።

በቶክዮ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ በ5 ሰዓት ያህል ይበልጣል። በዚያ ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ብዙ ዛፎች ቅጠላቸውን አርግፈው ያርፋሉ፤ የውሃ ፍላጎታቸውም ይቀንሳል። ሮቤ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ልዩነቱ 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ወይራም ዓመቱን ሙሉ ለምለም ስለ ሆነች ውሃ መጠጣቷን አታቋርጥም። በእኛ መጸው፣ ማለት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ዝናቡ ያባራል፣ ነፋሱ ያደርቃል፣ ሰማዩም ስለሚጠራ የምድር ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል። ውርጭ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከጉዳታችን የተማርነው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ውሃ የሚለካው በቀን ቁጥር ሳይሆን በጣት ነው። ጣትን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገብቶ አፈሩ ደረቅ ከሆነ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ከሸክላው ሥር እስኪንጠባጠብ ማጠጣት ይገባል። ርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ሥሩን ከብርድ ያግዘዋል።

ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል። ሸክላው ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ፣ ጣራው ወጣ ብሎ በሸፈነው ስፍራ ይደር፤ ቀን ግን ፀሐይ ያግኝ።

ሦስተኛ፣ መቀስና ማዳበሪያ ይቆዩ። ሁለቱም ለጋ ቀንበጥ ያስወጣሉ፤ ውርጭም አስቀድሞ የሚያቃጥለው ለጋውን ነው። ሽቦ የታሰረበት ቅርንጫፍ ካለ ልጡን እንዳይቆርጠው መመልከት ያሻል።

ውርጭ ከመታትም ቶሎ ሞታለች ብሎ መጣል አይገባም። እኛ ግንዷን በጥፍር ጫር ብናደርገው ከልጡ ሥር አረንጓዴ አየን። የተቃጠለውን ሳንቆርጥ ዝናብ እስኪመጣ ታገሥን፤ ከታች በኩልም አቆጠቆጠች።

ጥቅምት ላይ ከቤታችሁ የምትነሡ ወንድሞችና እኅቶች፣ አደራውን በቃል ብቻ አትስጡ። የተረካቢውን ጣት ይዛችሁ አፈሩን አስነኩት፤ ደረቁንና ርጥቡን ራሱ ይለየው። ከዚያ በኋላ በሰላም ሂዱ።