በመቅኒ ውስጥ የተደበቀው ሕዋስ

ሊምፎማ ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን ከሆኑት ከሊምፎሳይቶች የሚነሣ ካንሰር ነው። ከሕክምና በኋላ እብጠቱ ጠፍቶ፣ በማይክሮስኮፕ የታየው የአጥንት መቅኒም ንጹሕ መስሎ ሳለ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። ለምን ቢባል፣ በመቶ ሺህ ጤነኛ ሕዋሳት መካከል የተሸሸገን አንድ የካንሰር ሕዋስ በመልኩ ብቻ ለይቶ ማውጣት ስለማይቻል ነው።

ፎሊኩላር በተባለው የሊምፎማ ዓይነት ግን ሕዋሱ መታወቂያ አለው። በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ የ14ኛውና የ18ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ። ፒ.ሲ.አር. የተባለው ዘዴ ይህን መጋጠሚያ በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛዋል፤ በ30 ዙር አንዱ ቅጂ ወደ አንድ ቢሊዮን ገደማ ይደርሳል። በዚህም ከ100,000 ሕዋሳት አንዱን ማግኘት ይቻላል።

ይሁን እንጂ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። በመቅኒው ውስጥ ከ100,000 ሕዋሳት አንዱ የካንሰር ሕዋስ ነው እንበል። 100,000 ሕዋሳት ብቻ ብንመረምር፣ መሣሪያው እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ፣ በናሙናው ውስጥ አንድም የካንሰር ሕዋስ ያለመኖሩ ዕድል 37 በመቶ ያህል ነው። 300,000 ብንመረምር ግን ዕድሉ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ይህ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፕዋሶን ስም የሚጠራው ስሌት ሲሆን፣ እኛም በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የራዲዮአክቲቭ ጨረርን ስንቆጥር የምንገለገለው በዚሁ ነው።

እንግዲህ ንጹሕ የተባለን ውጤት ስናነብ «በምን መሣሪያ?» ብቻ ሳይሆን «ከስንት ሕዋሳት መካከል?» ብለንም እንጠይቅ።