ትላልቅ መደብሮች ለምን ተዘጉ? አርብ ገበያስ?

የዛሬው ርዕሳችን የተነሣው ከአንድ ከከሸፈ ትምህርት ነው። ጥቂቶቻችን ለማስተማር ልምምድ ወደ ታች ጋይንት ወርደን ሳለ ስለ ንግድ የሚያወሳ ምዕራፍ ደረሰን። ሰሌዳው ላይ ባለ ብዙ ፎቅ መደብር ሣልን፤ ልብሱ በአንደኛው ፎቅ፣ የቤት ዕቃው በሁለተኛው፣ መጫወቻው በሦስተኛው። ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል፤ ክርክር የለም። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙን። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እዚያ ሱቅ ዱቤ አለ?» አለችን። እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ መልስ አልነበረንም።

ለመሆኑ ይህ ትልቅ መደብር የሚባለው ነገር ከየት መጣ? በፓሪስ ከተማ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1852 ቦን ማርሼ በሚባለው ሱቅ ውስጥ ድርሻ ያዘ። ዋጋውን ቁርጥ አደረገው። የገባ ሰው ሳይገዛ ዞሮ መውጣት፣ የገዛውን ካልወደደው መመለስ ቻለ። ለጊዜው ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉት። ሰዉ በባቡርና በትራም ወደ መሀል ከተማ እስከጎረፈ ድረስ መደብሩም ሞልቶ ይውል ነበር። ኋላ መኪና በዛ፤ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ መኖሪያውን ወደ ዳር አወጣ፤ ንግዱም የመኪና ማቆሚያ ወዳለበት ተከተለው። ቀጥሎ ኢንተርኔት መጣ። በአሜሪካ ሲርስ እ.ኤ.አ. በ2018 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፤ በብሪታንያ ዴበንሃምስ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጨረሻ ሱቆቹን ዘጋ። የሚገርመው፣ ሲርስ ራሱ የተነሣው የዕቃ ዝርዝር ያለበትን መጽሐፍ ለገበሬው በፖስታ እየላከ ነበር። መጽሐፉን ማሳተም ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ያው ንግድ በኢንተርኔት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው! እንዲያው ዕድል ያጣ ነጋዴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መደብሩን ያዳከመው ደንበኛ ሁሉ ጥሎት መሄዱ አይደለም። መጀመሪያ የሄደው ጥሬ ብር ያለው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአዲስ አበባ የገበያን ቦታ ሲያነሣና ሲጥል የኖረው ከመኪናው ይልቅ ትእዛዝ ነው። በምኒልክ ዘመን ዋናው ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያን በወረራው ጊዜ ያንን ገበያ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው፤ አራዳውን ፒያሳ ብሎ ለራሱ ሱቆች አስቀረው። በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ የንግድ ድርጅቶችና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ ስኳርና ሳሙናም ለቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ። ሱቅ ሲፈርስ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሊከፍት ይችላል። የዱቤ መዝገቡን ግን ይዞት ቢሄድ ምን ያደርግለታል? በመዝገቡ የሰፈሩት ሰዎች ተበትነዋላ!

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። የታች ጋይንት ከተማ ስሟ ራሱ አርብ ገበያ ነው። ገበያ ሕንፃ አይደለም፤ ቀን ነው። ሽንኩርት የያዘችውም ጨው ፈላጊውም የሚመጡት ሌላው እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። መደብር በየቀኑ ክፍት ስለሆነ ዛሬ ባንሄድ ነገ አለ እንላለን፤ አርብን ያሳለፈ ግን ሳምንት ይጠብቃል። ለዚህ ነው ገበያው በቀላሉ የማይሞተው።

ሱቁ ግን እንደ ገበያው አይደለም። ነፋስ መውጫን እንመልከት። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ከወረታ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ ዳር ሱቆች ተደረደሩ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን ሲደርስባት ሱቆች ተዘረፉ። ገበያተኛ ዕቃውን አህያ ላይ ጭኖ ይሸሻል፤ ባለሱቅ መደርደሪያውን ወዴት ይወስደዋል? ያም ሆኖ በስማዳም ሆነ በእስቴ፣ ከገበያ ቀን ውጭ ጨው ያለቀባት እናት የምትሮጠው ወደ ሱቅ ነው። በሰኔና በሐምሌ ጎተራው ሲጎድል የሚያበድራት ገበያው አይደለም፤ እስከ መኸር የሚታገሣት ባለሱቁ ነው።

ባለሱቁ ይህን መታገሥ የሚችለው ሌላው ደንበኛ በጥሬ ብር ሲገዛው ነው። በወገዳም በመካነ ኢየሱስም በየወሩ ጥሬ ብር የሚያገኘው ማነው? ደመወዝተኛው ነው፤ ማለትም ነገ እኛ። ደመወዛችንን ይዘን ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍረን ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር እንሸምታለን። ዋጋው ይረክሳል፣ ምርጫውም ይሰፋል፤ ማንም አይፈርድብንም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር ብሩን ልኮ ዕቃውን በሹፌር ማስመጣት ይቻላል። ባለሱቁ ጋ የሚቀረው ተበዳሪው ብቻ ነው። በጥሬ ብር የሚገዛ ከሌለው በምን ዕቃ ይተካል? ካልተካስ በሰኔ ምን ያበድራል? ሲርስን የገጠመው ነገር መኪና ሳይበዛ፣ በአውቶቡስና በስልክ ብቻ፣ ወገዳ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ያን የከሸፈ ትምህርት በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን አስተማርነው። የመደብሩን ሥዕል ተውነው። አርብ አርብ ግማሹ ክፍል ገበያ ወርዶ እንደሚቀር ስለምናውቅ ያንኑ የቤት ሥራ አደረግነው፦ ማን ምን ይሸጣል? ጠዋት ስንት ይላል? ወደ ማታስ? ዱቤ የሚሰጠው ማነው? ሰኞ ደብተር ሰበሰብን። ብዙዎቹ ወደ ማታ የሽንኩርት ዋጋ እንደሚወርድ ደርሰውበታል፤ አንዱ ልጅ «ተሸክማ መመለስ ስለማትፈልግ ነው» ብሎ ምክንያቱን ጨምሮበታል። የሒሳብ መምህራን ይህን ልብ በሉልን።

የዱቤዋ ልጅ ደብተር ላይ ግን እንዲህ የሚል አገኘን፦ «የኛ ባለሱቅ በሐምሌ ያበድራል፣ በጥር ይሰበስባል። ድሮ ሳሙናም ነበረው፣ አሁን የለውም። ቲቸሮቹ ሳሙና ከደብረ ታቦር ያመጣሉ።»