ልቡ ለሁለት ለተከፈለ አንባቢ

የወንድሜ ልጅ፣ ከሆሳዕና የላክሽልኝን የሆሊ ብላክን «ዘ ዳርከስት ፓርት ኦፍ ዘ ፎረስት» አንጋጫ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። «ወደድኩት፤ ግን የሆነ ነገር ቅር አለኝ። በንባብ ማኅበራችን ፊት ምን ልበል?» ብለሽኛል። ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ አክስትሽ ነኝና የታየኝን ልንገርሽ።

1. ቅር ያለሽን ነገር ለይተሽ እወቂው። አንዳንዱ ቅሬታ ከደራሲዋ ሥራ ይመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከራስሽ ልብ። ሥራውን በተመለከተ እኔም የምለው አለኝ። ዋናዋ ባለታሪክ ሔዘል ከጫካው ንጉሥ ጋር የምትገባው ውል ግሩም ነው፦ ከዕድሜዋ ሰባት ዓመት ለመስጠት ትስማማለች፣ እሱ ግን ሳታውቀው ሌሊቶቿን እየቆረጠ ይወስዳል። እንዲህ አድርጋ የቋጠረች ደራሲ መጨረሻ ላይ ሁሉንም በጥድፊያ ስትፈታው አዘንኩ። ወንድሟ ቤን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ለተኛው ባለ ቀንዱ ልጅ ያለው ፍቅርም የእህቱን ታሪክ ያህል ቦታ አላገኘም። መጽሐፉ የሚመሰገነው በዚህ ፍቅር ሆኖ ሳለ ከጓሮ ገብቶ ከጓሮ የወጣ ያህል ነው። ይህን ማንም ፊት ቆመሽ መናገር ትችያለሽ። «ወንድ ወንድን ማፍቀሩ ከበደኝ» የሚለው ግን ስለ አንቺ የሚናገር ነው። እሱንም በግልጽ መናገር ነውር የለበትም፤ ነውሩ የደራሲዋ የብዕር ድክመት አስመስሎ ማቅረቡ ነው።

2. በፍርሃት አትፍረጂ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎታል፤ ያደግንበት የወንጌል ቤትም አቋሙ የታወቀ ነው። ሁለቱንም አውቃለሁ። መጽሐፍ ማንበብ ግን የባለታሪኮቹን ኑሮ ማጽደቅ አይደለም። የት እንደምታነቢው፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪበት ምረጪ፤ ይህ ጥንቃቄ ነው። ያላመንሽበትን ስድብ ሰው እንዲያምንሽ ብለሽ መናገር ግን ጥንቃቄ አይባልም።

3. «ይህ የፈረንጅ ተረት ነው» የሚልሽን ሰው ዝም ብለሽ አትስሚው። እንግሊዞች ፌሪ የሚሏቸው የጫካ ስውራን ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ስለ ዛር የሚባለውን ታውቂያለሽ። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ሰግታ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀች፤ እሱም የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ አለ፤ ዛሮች የእነዚያ ዘር ናቸው ይባላል። አይስላንዶችም ስለ ስውራኖቻቸው ይህንኑ ይተርካሉ፤ የእነሱ ሔዋን የደበቀችው ግን ገና ገላቸውን ያላጠበቻቸውን ነው። እነሱ ያደፈውን ልጅ አስደበቋት፣ እኛ ያማረውን። ይህ ልዩነት ሲያሳስበኝ ኖሯል። እናት ልጇን የምትደብቀው አፍራበት ብቻ እንዳልሆነ የእኛ ተረት ያውቃል፦ ዓይን እንዳይበላው ፈርታም ትደብቀዋለች፣ ከዚያ ልጁ መመለሻ ያጣል። መጽሐፉን ሳነብ ቤን ደጋግሞ ያስታወሰኝ እነዚያን 15 ልጆች ነው።

ዛርን አላመልክም፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ያጠናውን የዛር ቤት ሥርዓት ያነበበ ሰው፣ ወንድ ዛር የሰፈረባት ሴት እንደ ወንድ ስትፎክር ያገኛታል። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድም ጦቢያን የወንድ ልብስ አልብሶ ነው አገር ለአገር የሚያዞራት። ወንድነትና ሴትነት ሲለዋወጡ ማየት ለአገራችን ትረካ አዲስ አይደለም። ይህ ከቤን ፍቅር ጋር አንድ ነው አላልኩም፤ በሩ ግን ዝግ አልነበረም።

4. የሔዘልና የቤን ወላጆች ያናድዳሉ። ልጆቹ በጫካ አውሬ መሐል ራሳቸውን ሲያሳድጉ እነሱ በሥዕላቸውና በድግሳቸው ተጠምደዋል። ይህን ለማለት የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ።

5. ከተማዋን ልብ በያት። በፌርፎልድ ጫካው ቱሪስት ሲገድል ነዋሪው «ሞኝ ቢሆን ነው፣ የአገሩን ሰው አይነኩም» ብሎ ይተኛል። የተጎዳ ሁሉ የራሱ ጥፋት ይገኝለታል። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግተሽ ስለ ራሳችን አስቢ። በከምባታም በሀዲያም ሸክላ ሠሪዎችን በማዕዳችን ሳናስቀምጥ፣ ልጅ ሳንሰጣቸው ከልጃቸውም ሳናገባ ስንት ትውልድ ኖረናል። በእነሱ ጀበና ቡናችንን እየጠጣን፣ ደጃፋችንን እንዳይረግጡ እናደርግ ነበር። ምክንያት ስንጠየቅ ድሮም እንዲሁ ነው እንላለን። ደራሲዋ ስለ እኛ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ግን ይህን ገጽ ሳነብ ፊቴ ጋለ።

6. ስትናገሪ የሚሰማሽን አትርሺ። በማኅበራችሁ ማን ምን ተሸክሞ እንደመጣ አታውቂም። ጥግ ይዞ ዝም ያለው ልጅ ስለ ቤን የምትይውን ስለ ራሱ እንደተባለ ይሰማው ይሆናል። ሰው ለማሳቅ ብለሽ ቃል አትወርውሪ። ማንንም አትጠርጥሪ፣ ማንንም አትመርምሪ፣ ብቻ ለባለታሪኩ የምትሰጪውን ክብር ለተቀመጠውም ስጪ።

7. ከየት ልጀምር ካልሽ ከካርተር እናት ጀምሪ። ስውራኑ ልጇን ሰርቀው የራሳቸውን ሕፃን በአልጋው ተክተውባታል። እሷም የድሮ ሰዎች እንደሚሉት ሕፃኑን በጋለ ብረት ታስለቅሰዋለች፤ ለቅሶውን የሰማችው የጫካዋ ሴት ካርተርን ይዛ ትመጣለች። እናትየው ልጇን ትቀበላለች፣ የተተካባትን ጃክንም አልመልስም ትላለች። ያቃጠለችውን ሕፃን ከልጇ ጋር አብራ ታሳድጋለች። ጭካኔዋም ደግነቷም በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እጅ ላይ ነው፤ ደራሲዋም አንዱን ለማሳመር ብላ ሌላውን አልሸፈነችም። ይህን ክፍል ጮክ ብለሽ አንብቢላቸውና መጀመሪያ ምን እንደተሰማቸው ጠይቂ። የቤንን ነገር ከዚያ በኋላ ብታነሺው ይሻላል።