የወይን አትክልትና የሠራተኛው ዋጋ

የወይን ነገር በቅዱሳት መጻሕፍት ተደጋግሞ ይነገራል። ነገር ግን መምህሩ ምሳሌው የተወሰደበትን ሥራ ሳያውቅ ምሳሌውን ብቻ ይዞ ቢያስተምር ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመን ሥራውን እንመርምር።

ነቢዩ ኢሳይያስ (5፥1-7) የባለ ወይኑን ድካም በተራ ይቈጥራል፤ ይኸውም መቈፈር፥ ድንጋይ መልቀም፥ መትከል፥ ግንብ መሥራት፥ መጭመቂያ ማበጀት ነው። ይህ ሁሉ ፍሬ ሳይታይ የሚወጣ ወጪ ነው። ወይን እንደ ጤፍና እንደ ማሽላ በዓመቱ አይታጨድም፤ የሚሸጥ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ያህል ይቈያል። ኦሪትም ለመብል የሚሆን ተክል እስከ ሦስት ዓመት እንዳይበላ፥ የአራተኛው ፍሬ ለእግዚአብሔር እንዲቀደስ፥ የአምስተኛው ለባለቤቱ እንዲሆን ታዝዛለች (ዘሌ. 19፥23-25)።

በአገራችንም የካስቴል ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በዝዋይ ወይን መትከል ጀምሮ፥ የመጀመሪያውን ጠጅ ለገበያ ያወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። በብርድ አገር ወይን ቅጠሉን አርግፎ ያንቀላፋል፤ በእኛ ቆላ ግን እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ፥ የሚያነቃው የገራዡ እጅ ነው። ቅርንጫፉ ይገረዛል፥ በሽቦ ይታሰራል፥ አረሙ ይነቀላል፥ ፍሬው ከወፍ ይጠበቃል፥ ዘለላው ይቈረጣል። ይህ ሁሉ የሰው ጉልበት ነው።

በመርሳ፥ በሀብሩና በወልድያ ያለ አንባቢ ይህን በወይን ባያየው በብርቱካንና በማንጎ ያውቀዋል። ባለ አትክልቱ ጎተራውን ተማምኖ ፍሬውን ለዓመታት ይጠብቃል፤ የቀን ሠራተኛው ግን ምን ተማምኖ ይጠብቃል? ልጆቹ ዛሬ ማታ ይርባቸዋልና። ስለዚህ ሕጉ የሞያተኛው ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ይከለክላል (ዘሌ. 19፥13)። ጌታም በምሳሌው የወይኑን ባለቤት በዚያው ምሽት ሲከፍል ያሳየናል (ማቴ. 20፥8)። ለኋለኞቹም የሰጣቸው አንድ ዲናር የሙሉ ቀን ምንዳ ነበረ። ሊቃውንት ሰዓታቱን በዘመናት ይተረጕሟቸዋል፤ ምሥጢሩ ግን ንባቡን አይሽረውም። ሰሎሞንም ስለ ወይኑ ሲናገር፥ ሺሁን ብር ለባለቤቱ፥ ሁለት መቶውን ለጠባቂዎቹ ይመድባል (መኃ. 8፥11-12)፤ የጠባቂው ድርሻ ከሒሳቡ አልተረሳም።

እኔ ራሴ በአንድ ደብር ሳገለግል፥ በግቢው ብርቱካን የተከለው ቈፋሪ ገንዘቡን ሳይቀበል ሁለት ወር ተመላለሰ። ምክንያታችን ፍሬው ገና አልደረሰም የሚል ነበረ። በዚያው ሰሞን እኔ የማቴዎስን ምሳሌ አስተማርሁ፤ ሰውየውም ከምእመናኑ መካከል ቆሞ ይሰማኝ ነበረ። ከዚያች ቀን ወዲህ ያን ምሳሌ ያለ ሐፍረት አንብቤው አላውቅም።

እንግዲህ አባቶችና ወንድሞች ሆይ! ለቍርባናችን ዘቢቡ በቤተ ልሔም በውኃ ተዘፍዝፎ ሲጨመቅ፥ የገራዡንና የለቃሚውን ላብ እናስብ። አትክልት የሚተክል ሁሉ፥ ይልቁንም ቤተ ክርስቲያን፥ ከችግኙ አስቀድሞ የሠራተኛውን ምንዳ ያዘጋጅ። ፍሬው በጊዜው ይደርሳል፤ የድኻው እራት ግን ቀጠሮ አያውቅም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።