ሥራ ፍለጋ ከመውጣታችን በፊት

መሬታችን እንደ ድሮው አይበቃም። አባት ብቻውን ያረሰውን ማሳ አራት ልጆች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቁራሽ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን ብዙዎች ሥራ ፍለጋ እንወጣለን። አንዳንዱ ከተማ ገብቶ ግንባታ ላይ ይሠራል። ሌላው ወደ ቆላ፣ ወደ መተማና ወደ ቋራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። በክረምት ለአረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ለአጨዳ ሰው ይፈለጋል።

ሥራ መፈለግ ነውር አይደለም። ችግሩ አካሄዱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የምንነሳው ወሬ ሰምተን ነው። «እዚያ ጥሩ ይከፈላል» ሲባል ስንቅ ቋጥረን እንሄዳለን። መናኸሪያ ስንደርስ ደላላ ይቀበለናል። ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደምንሠራ፣ ከፋዩ ማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

እስቲ በሂሳብ እንየው። አንድ ሰው በቀን 300 ብር ተዋውሎ 24 ቀን ሠራ እንበል። የሚገባው 7,200 ብር ነው። ደላላው ከየቀኑ 30 ብር ቢቆርጥበት 720 ብር ይቀርበታል። በሌላ አነጋገር ከ24ቱ ቀን ሁለት ቀን ከግማሽ ያህል ላቡን ያፈሰሰው ለደላላው ነው። በዚህ ገንዘብ ለልጆቹ ደብተር በገዛበት ነበር።

ታዲያ ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። ሥራ ፈላጊን መመዝገብና ከአሠሪ ጋር ማገናኘት የመንግሥት ሥራ ነው። ለዚህም በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሟል። በክልልና በወረዳም ይህን ሥራ የሚሠሩ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። እዚያ ሄደን ስማችንን፣ ዕድሜያችንን፣ የትምህርት ደረጃችንንና የምንችለውን ሙያ እናስመዘግባለን።

ስንመዘገብ «አርሶ አደር ነኝ» ብለን ብቻ አንለፍ። ድንጋይ የሚጠርብ፣ ግድግዳ የሚመርግ፣ ከብት የሚያደልብ፣ ልብስ የሚሰፋ ካለ ሙያውን ይናገር። ያልተናገርነውን ሙያ መዝጋቢው ሊያውቅልን አይችልም። የሙያ ሥልጠና መኖሩንም እንጠይቅ። ከጓደኞቻችን ጋር በማህበር ተደራጅተን መሥራት የምንችልበትን መንገድም እንጠይቅ። እርግጥ ስም ማስመዝገብ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ሥራው ዛሬውኑ ላይገኝ ይችላል። ቢሆንም ተመላልሰን እንጠይቅ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል።

ሠራተኛና አሠሪ የሚያገናኙ የግል ኤጀንሲዎችም አሉ። በአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ገንዘብ እንዲቀበል ሕጉ አይፈቅድለትም። በቀጥታም ሆነ በዞረ መንገድ መቀበል አይችልም። «አስቀጥርሃለሁ፣ መጀመሪያ ክፈል» የሚለን ሰው ካለ ቆም ብለን እንጠርጥር።

ሥራው ከተገኘ በኋላስ? እዚህ ላይ የተማርነው ፊደል ትልቅ ጥቅም አለው። ማንበብ የማይችል ሰው ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። እኛ ግን ማንበብ እንችላለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚከተሉትን ደንግጓል፦

1. የሥራው ዓይነትና ቦታው፣ የደመወዙ ልክና የአከፋፈሉ ሁኔታ፣ የውሉ ዘመን በውሉ ሊታወቁ ይገባል።
2. ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ይህንኑ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት።
3. መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ከተሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው።
4. ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ መክሰስ ይችላል። ነገር ግን ክፍያው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካሳለፈ መብቱ ይቀርበታል።

ይህችን ስድስት ወር ልብ እንበል። «ዛሬ ነገ» እያለ የሚያመላልሰን አሠሪ ቀኑን ሊያሳልፍብን ይችላል። ስለዚህ የሠራነውን ቀንና የተቀበልነውን ብር በየዕለቱ በደብተር እንጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

አንድ ነገር እንጨምር። በግለሰብ መኖሪያ ቤት የሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ስለዚህ እህቶቻችንና ሴት ልጆቻችን ለቤት ሥራ ሲቀጠሩ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስምምነታቸው በጽሑፍና በምስክር ፊት ይሁን። የአሠሪዎቻቸውን ስምና ሰፈር ቤተሰብ ይወቅ፣ ጽፎም ያስቀምጥ።

እንግዲህ ለሥራ ስንነሳ ከስንቃችን ጋር ደብተርና እርሳስ እንያዝ። ወረቀት ሲሰጠን እስከ መጨረሻው እናንብብ። ያልገባን ቃል ካለ እስኪገባን ድረስ እንጠይቅ። ፊርማ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን ሥራ ፈላጊ የሚመዘገበው የት ነው? ከመካከላችን ሄዶ የተመዘገበ አለ?
ለ. እያንዳንዳችን ከእርሻ ሌላ ምን ሙያ አለን? በደብተራችን ላይ እንጻፈው።
ሐ. አንድ ሠራተኛ በቀን 250 ብር ተዋውሎ 18 ቀን ሠራ። አሠሪው 3,900 ብር ከፈለው። ስንት ብር ቀረበት? ምን ማድረግስ ይገባዋል?