የማያልቅ ፍተሻ
የተደጋጋሚ ጥርጣሬ ሕመም ምንድን ነው?

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ለጀማሪ ተማሪዎች ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱ ልኬትን መደጋገም ነው። አንድን ርዝመት 4 ጊዜ ለክተን አማካዩን ብንወስድ የአማካዩ ድንገተኛ ስሕተት ከአንድ ልኬት ስሕተት በግማሽ ያንሳል፤ 100 ጊዜ ብንለካ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። መደጋገም እርግጠኝነትን ይጨምራል ማለት ነው። በሰው አእምሮ ውስጥ ግን ይህ ሕግ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ።

በዲክሲስ የሚኖር አንድ ተማሪ እናስብ። በደጋው ብርድ ማለዳ ተነሥቶ በሩን ቆልፎ ይወጣል። ጥቂት እንደ ተራመደ «ቆልፌው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ተመልሶ ይፈትሻል፤ ለአፍታም ይረጋጋል። ጥርጣሬው ግን እንደገና ይነሣል። ሲመላለስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል። በሩ መቆለፉን ያውቃል፤ ማወቁ ግን አያሳርፈውም።

ሳይፈለግ የሚመላለሰው አስገዳጅ ሐሳብ፣ ጭንቀቱን ለማስታገስ የሚፈጸመው ደግሞ አስገዳጅ ድርጊት ይባላል። እነዚህ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስዱ ወይም ትምህርትንና ኑሮን ሲያውኩ በምህጻር ኦሲዲ የተባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። እጅን ያለ ልክ መታጠብ፣ መቁጠር፣ ጸሎትን ወይም ውዱእን «አልተሟላም» እያሉ ደጋግሞ መጀመርም ከመልኮቹ ናቸው። ፀጉርን መንጨትና የማይጠቅም ዕቃ ማከማቸት የቅርብ ዘመዶቹ ተብለው ይመደባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ፋን ደን ሃውትና ኪንት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጤነኛ ተማሪዎችን በኮምፒውተር የተሠራ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲፈትሹ አደረጉ። የተማሪዎቹ ትውስታ ትክክለኛነት አልተጓደለም፤ በትውስታቸው ላይ የነበራቸው እምነት ግን ቀነሰ። እንግዲህ ፍተሻው ራሱ ጥርጣሬን ይመግባል። ከድምፅ ማጉያ ፊት የቀረበ ማይክሮፎን የራሱን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ እንደሚጮኽ ማለት ነው።

መፍትሔውም ዑደቱን መቁረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ሜየር በለንደን ባሳየው መንገድ ታማሚው በባለሙያ እየተረዳ የሚያስጨንቀውን ነገር ይጋፈጣል፤ ድርጊቱን ግን አይፈጽምም። ጭንቀቱን መቋቋም እንደሚቻል ቀስ በቀስ ይማራል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ውጤታቸው ግን እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቤተሰብም «ተቆልፏል» እያለ ደጋግሞ ማረጋገጫ ቢሰጥ፣ በቅንነት ቢሆንም፣ ዑደቱን ያጠነክራል። ተማሪያችን ሰነፍ ወይም እምነተ ጎደሎ አይደለም፤ ታሟል። ወደ አሰላም ሆነ ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለሕክምና መሄዱ ለተሰበረ እግር ወጌሻ ከመፈለግ የበለጠ አያሳፍርም።