መሶብ ለምትገቢው ልጄ

ልጄ፣ በመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስኮት ላይ ልትቀመጪ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጡረታ እስክወጣ አትክልት ተራ አጠገብ የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ለውጡን አታናንቂው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቢፒአር የሚባለው የመሥሪያ ቤቶች አሠራር ለውጥ ሲመጣ ሠለጠንን፣ ጠረጴዛውም ተቀየረ፤ ባለጉዳዩ ግን «ነገ ተመለስ» መባሉ አልቀረለትም። በሚያዝያ 2017 የተከፈተው መሶብ ግን የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። ይህ ስንት እግር ያሳርፋል!

2. ኮምፒውተር የሚያፈጥነው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ይህን ከሁሉ በላይ ያዢልኝ። በሐምሌ 1967 አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙው የሰፈራችን ቤት የቀበሌ ሆነ። የኪራይ ደብተሩ በአንድ ሰው ስም ነው፤ ውስጡ ግን ደባል አለ፣ የደባል ልጅ አለ፣ ከገጠር መጥቶ ሽንኩርት የሚሸከም ወንድም አለ። ቀበሌዎቹ ሲጣመሩ ፋይሉ ከክፍል ክፍል ተጋዘ፤ የጠፋው ጠፋ። በ2016 ሰፈራችን ፒያሳ ሲፈርስ ታዲያ ወሳኙ ጥያቄ «ውሉ በማን ስም ነው?» ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ የኖረ ሰው መዝገብ ላይ ከሌለ፣ ከማሽኑ የሚያገኘው ፈጣን «የለም» ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፊትሽ ሲቆም ቀጣዩን ተራ ለመጥራት አትቸኩዪ። የድሮ ቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የሚያውቁትን ጎረቤቶች ጠይቀሽ ጻፊ፤ ለሚመለከተው ክፍል መርተሽ የደብዳቤውን ቁጥር በእጁ ስጪው።

3. ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ አሻራ ሲሰጥ ጣቱ በሸክም የሻከረ ሰው ማሽኑ አላነብም ቢለው አትቆጪው። የዓይንና የፊት ምስልም እንደሚወሰድ አስረድተሽ አረጋጊው።

4. የነጋዴውን ሰዓት እወቂለት። የአትክልት ተራ ገበያ በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከ2013 ጥምቀት በፊት ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ፤ ቲማቲም ግን የትም ቢሄድ ቀን አይጠብቅም። ንግድ ፈቃድ ለማደስ የመጣውን «ሲስተም የለም» ብለሽ ብቻ አትመልሺው። ስልኩን ተቀብለሽ ሲስተሙ ሲመጣ ደውዪለት።

5. በር ላይ ጉዳይ ገዳይ ከበዛ ቅጹ ለሰው ከብዷል ማለት ነው። የትኛው ጥያቄ እንዳስቸገረ ባለጉዳዮቹን ጠይቂና ለአለቃሽ በጽሑፍ አቅርቢ፤ ቅጂውንም አስቀሪ።